ሱቁን ያጠፋኸው አንተ አይደለህም

ይድረስ ለወንድሜ ይማም፣

እንደምን ከረምክ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ እንደምታውቃት ናት። ከሰዓት ጉሙ ከጦሳ ይወርድና ፒያሳን ይውጣታል። ስልክ አላነሳ ስትለኝ ተቀይሜህ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

ሰሞኑን ታላቅ ወንድምህን ኮምቦልቻ አገኘሁት። "'ሱቁ ከመዘረፉ ከሳምንት በፊት ዕቃውን ባወጣው ኖሮ' እያለ ይማም ዛሬም ራሱን ይበላል" አለኝ። ይሄን ስሰማ ነው ልጽፍልህ የተነሳሁት።

እማዬ መብራት በጠፋ ቁጥር ሻማ ትለኩሳለች። ብዙም ሳይቆይ ይመጣል። "ሻማ ካላየ አይመጣም" ትላለች፣ ከምሯ ነው! አንድ ማታ "እስቲ ዛሬ ሳንለኩስ እንየው" ብላት፣ "በጨለማ ልታሳድረን ነው?" ብላ ክብሪቱን ጫረችው። ሻማ ሳይበራ መብራት የመጣበትን ማታ አይታ አታውቅም። በምን ታወዳድረው?

ከእጁ ውጭ ያለው ነገር በእጁ ያለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኤለን ላንገር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣችው ጥናት አለ። ሰዎች የ1 ዶላር ሎተሪ ገዙ። ገሚሶቹ ትኬታቸውን ራሳቸው መረጡ፣ ለቀሩት ዝም ብሎ ተሰጣቸው። በኋላ "ብትሸጡት በስንት?" ተባሉ። የተሰጣቸው በአማካይ 2 ዶላር ገደማ ጠሩ፣ የመረጡት ከ8 ዶላር በላይ። ዕጣው ግን ለሁሉም እኩል ነው። የቤቲንግ ቤት ልጆቻችንን ማየት ነው እንግዲህ።

አንተም ሱቁ ሲደራ "በላቤ ነው" ትል ነበር። አልዋሸህም፣ ጎበዝ ነጋዴ ነህ። ግን በ2009 የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ሻይ የምትሸጠዋ ጎረቤትህም ደርቶላት ነበር። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ሲደርስ ደግሞ እናንተ መንገድ ላይ ያልተዘረፈ ሱቅ የለም። ያ ጨርቅ ነጋዴ ትዝ ይልሃል? አንተ "ባደርገው ኖሮ" የምትለውን እሱ አድርጎታል። ቀድሞ ዕቃውን ጭኖ ወደ ደሴ አሸሸ። ደሴም ተያዘች፣ እዚሁ ተዘረፈ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" ማለት "ከእጄ ውጭ ነበር" ከማለት ሳይቀልህ አልቀረም። ጥፋተኛ ከሆንክ ቢያንስ መሪው በእጅህ ነበር ማለት ነው።

አብሽር። ለጨርቅ ነጋዴው ደውልለትና ታሪኩን ከራሱ አፍ ስማው። ከዚያ ለኔም ደውል፣ ቁጥሬ ያው ነው።

ወንድምህ ሰይድ
ከደሴ