ለችግኙ ብር ይገኛል፣ ለሚያጠጣው ሰው ግን የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። አቃቂ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፣ የትምህርት ቤታችንን የአካባቢ ጥበቃ ክበብም የማስተባብረው እኔ ነኝ። ሰሞኑን በየጋዜጣውም በየቴሌቪዥኑም ስለ ወንዝ ዳር ልማት ብዙ ይወራል፣ መናፈሻው መብራቱ የእግረኛ መንገዱ ሁሉ ይታያል፣ ደስም ይላል። ግን ከዛ ሁሉ ወሬ ውስጥ ሁሌ የሚቀሩ ሰዎች አሉ፣ ስለነሱ ነው መጻፍ የፈለኩት። ቦቲ አድርገው ወንዙ ውስጥ ገብተው ስለሚሰሩት የወንዝ ጥበቃ ድርጅት ሰራተኞች ማለቴ ነው። እኛ ሰፈር የሚሰሩት የአንድ ትንሽ ሀገር በቀል ድርጅት ልጆች ናቸው፣ ስማቸውን እዚህ አልጠቅስም ምክንያቱም ሳልጠይቃቸው ነው የምጽፈው።

ነገሬን ከመጀመሪያው ልናገር። ችግኝ የሚሰጥ አለ፣ ቲሸርትና ባነር የሚያሳትም አለ፣ የወንዙ ዳር እንዳይናድ ለሚሰራው ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ሽቦና ድንጋይ የሚከፍልም አንዳንዴ ይገኛል፣ አመቱን ሙሉ እዛ ቆሞ ለሚከታተለው ሰው ደሞዝ የሚከፍል ግን የለም። ስለዚህ ሰዎቹ ስራውን በደንብ በለመዱበት ሰአት ይሄዳሉ፣ ወንዙም በየአመቱ ከአዲስ ሰው ጋር ሀ ብሎ ይጀምራል።

ለማያውቀው አንባቢ ወንዛችንን ላስረዳ። አቃቂ ሁለት ነው፣ ትንሹ አቃቂ በምእራብ በኩል በኮልፌ በመካኒሳ በላፍቶ አድርጎ ይወርዳል፣ ትልቁ ደግሞ እነ ቀበናን እነ ግንፍሌን እነ ባንትይቅጡን ይዞ ነው በኛ በኩል የሚመጣው። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና አዋሽ ይገባሉ፣ አዋሽ ደግሞ ቆቃን አልፎ አዳማን ወንጂን አፋርን ሁሉ አዳርሶ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር አቤ ሀይቅ ላይ ነው የሚያልቀው። እና እንጦጦ ስር የተጣለ ፌስታል፣ መሀል ከተማ ካለ ህንጻ የተለቀቀ ሽንት ቤት፣ ሌሊት ከፋብሪካ የሚለቀቅ ፈሳሽ፣ ሁሉም ተሰብስቦ እኛ ደጃፍ ይመጣል። እዚሁ አቃቂ ደግሞ አዲስ አበባ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ የሚወጣበት ቦታ ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጓል፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን መስመሩ ያልደረሰው ሰፈር ብዙ ነው፣ የሱ ፍሳሽ የሚሄደው ወንዝ ነው። አባ ሳሙኤል ራሱ ሀገራችን ቀድማ ከገነባቻቸው የሀይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፣ በ2009 ዓ.ም ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀምሯል፣ ውሃው ላይ ግን እምቦጭ ነው የሚታየው። እምቦጭ የሚወደው ደግሞ እንዲህ አይነቱን ፍሳሽ የበዛበት ውሃ ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልመለስ። የክበቡን ልጆች ይዤ ከነሱ ጋር መጀመሪያ እንጦጦ ስር ቀበና የሚነሳበት አካባቢ ሄድን፣ ከዛ በሌላ ቀን እዚሁ አቃቂ ድልድዩ ስር ወረድን። የድርጅቱ የመስክ ሰራተኛ ወጣት ሴት ናት፣ የውሃ ነፍሳት የምትይዝበትን መረብ ራሷ ከአሮጌ አጎበር ሰፍታ በመጥረጊያ እንጨት ላይ አስራዋለች፣ የተገዛው ተቀዶ ሌላ የሚገዛበት ባጀት ስለሌለ። አንዱ ልጅ መረቡን ከታች ይይዛል፣ እሷ ከላይ ሆና ድንጋዩን በእግሯ ታተራምሰዋለች፣ ከዛ የተያዘውን ነጭ ትሪ ላይ ገልብጣ ውሃ ጨምራ ዝም ብላችሁ ጠብቁ ትላለች። እንጦጦ ላይ ትሪው ጥቂት ቆይቶ ተንቀሳቀሰ፣ ሶስት ቀጭን ጭራ ያላቸው ጠፍጣፋ ትንንሽ ነፍሳት ከቅጠሉ ስር ወጥተው መሮጥ ጀመሩ፣ ልጆቹ ተንጫጩ። እነዚህ ነፍሳት ንጹህና ኦክስጅን ያለው ውሃ ካልሆነ አይኖሩም። አቃቂ ላይ ያንኑ ትሪ ያንኑ መረብ ተጠቀምን፣ ከጥቁር ጭቃ ውስጥ የወጣው ክር የመሰለ ቀይ ትል ብቻ ነው። አንዱ ተማሪዬ ለምን ቀይ ሆነ ብሎ ጠየቃት፣ ኦክስጅን የሚይዝ ሄሞግሎቢን አለው እንደኛ ደም፣ ለዛ ነው ሌላው ሁሉ ሞቶ እሱ የሚተርፈው አለችው። እኔ ሄሞግሎቢንን ስንት አመት ሰሌዳ ላይ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ልጆቹ እንደዛ ቀን ሲገባቸው ግን አይቼ አላውቅም።

መሳሪያም አላቸው፣ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካ ሜትር፣ ለአሳ በሊትር ወደ 5 ሚሊግራም እንደሚያስፈልግና ወንዛችን በበጋ ከዛ ምን ያህል እንደሚርቅ ሰራተኛዋ እያሳየች ነው ለልጆቹ ያስረዳችው። የሜትሯ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን በየጊዜው መቀየር አለባት፣ ከውጭ ነው የምትመጣው፣ በዶላር ነው፣ እና ክዳኗ ስታልቅ ለወራት ሳይለካ ይቀራል። ሳይለካ የቀረው ወር ደግሞ ተመልሶ አይለካም።

ሌላው ያየሁት ከገበሬዎቹ ጋር ያላቸው ነገር ነው። ወንዙን ተከትሎ ጎመን ቆስጣ ሰላጣ የሚያለማ ብዙ ቤተሰብ አለ፣ አትክልቱም ከተማችን ገበያ ላይ ነው የሚሸጠው፣ በዚህ ውሃ የሚለማው አትክልት ላይ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች እንዳሉ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያሳዩት ነገር ነው፣ በተለይ ቅጠላ ቅጠሉ ላይ። አንድ ቀን ልጅቷ ናሙና ልትወስድ ስትጠጋ አንዲት እናት ከመደባቸው ቀና ብለው "አንቺ ልጄ ትመጪያለሽ ትሄጃለሽ፣ እኔ ይሄን ጎመን ካልሸጥኩ ማታ ምን አበላቸዋለሁ" አሏት። እሷም ቁጭ ብላ "እማማ አይትከሉ አላልኩም፣ እንዴት እንደምንቀንሰው አብረን እንይ ብዬ ነው" ብላ ቀስ ብላ ማውራት ጀመረች፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ። ውሃውን ከወንዝ በቀጥታ ሳይሆን ትንሽ ኩሬ ቆፍሮ አሳርፎ መጠቀም፣ ከመቁረጥ በፊት ጥቂት ቀን ማጠጣት ማቆም፣ ወንዙ ጠርዝ ያለውን መደብ አፈር ለሚይዘው ደሾ ሳርና ለችግኝ መተው፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ይሄ ጀርሙን ይቀንሳል እንጂ ብረቱን አያወጣውም፣ እሱ የሚቆመው ምንጩ ላይ ነው ብላም በግልጽ ነገረቻቸው፣ አልዋሸቻቸውም። አሁን እኚያ እናት ጥሩ ኩሬ አላቸው፣ ጎረቤታቸውም ቆፍሯል፣ ያ የሆነው ግን በአንድ ቀን ስልጠናና በአበል አይደለም፣ አንድ ሰው ደጋግሞ ሲመጣ ቡና ሲጠጣ ልቅሶ ሲደርስ ነው የሆነው። ያቺ ልጅ ደግሞ ውሏ አልታደሰም፣ አሁን ከወንዝ ጋር የማይገናኝ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሰራው፣ አልፈርድባትም ቤት ኪራይ አለባት። በሷ ቦታ የመጣው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ግን ገበሬዎቹ ገና አያውቁትም፣ እሱም ወንዙን ገና አያውቀውም።

የውሉ ነገር በጣም ነው የሚያናድደኝ። የአብዛኛዎቹ ውል ከባጀት አመቱ ጋር ሰኔ 30 ያልቃል። ሀምሌ ደግሞ ችግኝ የሚተከልበት፣ ጎርፍ የሚመጣበት፣ ዝናቡን ተገን አድርጎ ፍሳሽ የሚለቀቅበት ወር ነው፣ እና ሰው በሚያስፈልግበት በዛ ሰአት ሰራተኛው ውል ይታደሳል አይታደስም እያለ ቤቱ ይቀመጣል። የተተከለውን ደግሞ ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሚያጠጣና ከከብት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፣ አንድ አዛውንት ዘበኛ አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ደሞዛቸው ለሁለት ወር ዘግይቶ እንኳን ብሳናውንና ወይራውን በጄሪካን ሲያጠጡ አይቻቸዋለሁ። አሁን ድልድዩ ስር ጥላ ያለበት ቦታ ካለ እሳቸው ያሉበት ቦታ ነው፣ ከሱ ወረድ ብሎ በዛው ሳምንት በዘመቻ የተተከለው ግን ጉድጓዱ ብቻ ነው የቀረው።

ሰው ስለ ኤንጂኦ ሲነሳ ደሞዝ ነው የሚበሉት ይላል፣ ለጋሾቹም ይሄንን ይፈራሉ መሰለኝ ደሞዝ የሚለውን መስመር ቀድመው ይሰርዙታል። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የሚለው፣ የአስተዳደር ወጪ ሲል ደግሞ ከፕሮጀክት ስራው ጋር ያልተያያዘውን ነው። ወንዝ ውስጥ ገብቶ ናሙና የሚወስድ፣ ገበሬ የሚያማክር፣ ችግኝ የሚያጠጣ ሰው ደሞዝ እንዴት አስተዳደር ይባላል? ስራው ራሱ እኮ እሱ ነው። መኪና ገዝቶ ወርክሾፕ አድርጎ የሚመጣው ሪፖርት ላይ ቁጥሩ ያምራል፣ የሰው ነገር ግን ሪፖርት ላይ ቶሎ አይታይም፣ እሱ ነው ችግሩ። የሰራተኞቹ ኑሮም መታየት አለበት፣ አንዱ ወንዝ ውስጥ የተሰበረ ጠርሙስ ቆርጦት የቲታነስ መርፌ ከኪሱ ከፍሎ ነው የተወጋው፣ ኢንሹራንስ የሚባል ነገር የላቸውም፣ ማሳከኩንና የቆዳ ቁስሉን ለምደውታል።

ህግ የለም እንዳይባል ህጉ ሞልቷል። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፣ በ2001 ዓ.ም የወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ለነባር ፋብሪካዎች የ5 አመት መዘጋጃ ሰጥቷቸው ነበር እሱም ካለቀ ቆየ፣ ከተማ አስተዳደሩም በ2017 ዓ.ም የወንዝ ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ አውጥቷል። ከአመታት በፊት አንድ የሰብአዊ መብት ማህበር የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት ጉዳይ ይዞ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር፣ አልተሳካለትም። እኔ የህግ ሰው አይደለሁም፣ ግን አንድ ነገር ይገባኛል፣ ደንቡ የሚሰራው ማን መቼ ምን እንደለቀቀ የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው። ውሃው ማለዳ ላይ ቀለሙ ሲቀየር ስልክ የሚደወልላቸው እነዚህ ልጆች ናቸው፣ ሌሊት ተነስተው በጄሪካንና በብልቃጥ ናሙና የሚይዙትም እነሱ ናቸው፣ ተቆጣጣሪው በማግስቱ በስራ ሰአት ሲመጣ ውሃው አልፎ ሄዷል። የወረዳና የክፍለ ከተማ ባለሙያዎችም ስራ አልሰሩም ማለቴ አይደለም፣ ጥቂት ናቸው፣ መኪና የላቸውም፣ እነሱም ቢሆኑ ከነዚህ ልጆች መረጃ ነው የሚጠብቁት።

እና የምጠይቀው ይሄን ነው። ለጋሾች ለችግኝ ከምትሰጡት ውስጥ ቢያንስ ለሶስት አመት የሚቆይ የሰው ደሞዝ ለብቻው ያዙ፣ ውሉም ሰኔ ላይ ሳይሆን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ህዳር ወይም ታህሳስ ላይ ይለቅ። ከተማ አስተዳደሩ ከሚሰበስበው የብክለት ቅጣት ላይ የተወሰነው ተመልሶ ለናሙናና ለላብራቶሪ ወጪ ይዋል፣ የነዚህን ድርጅቶች ልኬትም እንደ ማስረጃ የሚቀበልበት አሰራር ያውጣ፣ ናሙና አያያዙን አሰልጥኖ ማህተም ያለው ፎርም ቢሰጣቸው ይበቃል። ፋብሪካ ያላችሁም ስትጠየቁ በሩን ክፈቱላቸው፣ ከጠላት ጋር አይደለም የምታወሩት፣ ልጆቻችሁ የሚበሉት ጎመን እኮ ከዚሁ ነው የሚመጣው።

ከናንተ ከጋዜጣው ደግሞ አንድ ጋዜጠኛ እንድትልኩልን እፈልጋለሁ፣ ለምረቃ ቀን ሳይሆን ለአዘቦት ቀን። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ድልድዩ ስር ናሙና ይወስዳሉ፣ ቦቲ ይዞ ይምጣ፣ ከሰኔ በፊት ቢሆን ይሻላል ከዛ በኋላ ማን እዛ እንደሚኖር ስለማይታወቅ። እኔንም በትምህርት ቤቱ በኩል ታገኙኛላችሁ፣ አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻው ልኬያለሁ።

አንድ መምህርት፣ ከአቃቂ