የማሳው ፍግ በእኔ ምድጃ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ኦርጋኒክ ግብርና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብሁት። ገበሬው የፋብሪካ ማዳበሪያን ትቶ ወደ ፍግና ኮምፖስት ያልዞረው «አርሶ አደሩ ግንዛቤ ስለሚጎድለው» ነው የምትለዋ ነገር ግን ከነከነችኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ደምቢያ ነው፤ አሁን የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው። አባቴ የፍግን ጥቅም ከባለሙያ አልተማረም። ከቤታችን ጀርባ ያለው ጌሾና በርበሬ እበትና አመድ ሲጠግብ ነው የኖረው። ራቅ ያለው የጤፍ ማሳ ግን የፋብሪካ ማዳበሪያ ነው የሚያገኘው። ምክንያቱ ሸክም ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ የተባለው የፋብሪካ ማዳበሪያ ሰብሉን የሚመግበውን ናይትሮጅን 46 ኪሎ ይይዛል። ከእበትና ከቅጠላ ቅጠል የሚብላላው ደረቅ ኮምፖስት ደህና ሆኖ ቢሠራም ከመቶ ኪሎው አንድ ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ያቺን አንድ ኩንታል ለመተካት እንግዲህ 40 ኩንታል ገደማ ማጋዝ ሊኖር ነው፤ አህያ 50 ኪሎ ብትጫን 80 ምልልስ። ኮምፖስት ዩሪያ የማይሠራውን ሥራ ለአፈሩ እንደሚሠራ አልክድም፤ አህያዋ ግን ይህን አታውቅም።

እበቱስ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። መብራት በጠፋ ቁጥር እንጀራችን የሚጋገረው በኩበት ነው። የምገዛው በአዘዞ በኩል ተሸክመው ከሚገቡ የገጠር ሴቶች ነው። ያቺ ሴት ኩበቱን ማሳዋ ላይ ብትበትነው ጥቅሙን የምታየው ከርሞ ነው፤ እኔ የምሰጣት ብር ግን ዛሬውኑ ጨውና ዘይት ይሆናል። ታዲያ ግንዛቤ የጎደለው ማን ነው?

የመሬቱም ጉዳይ አለ። በእኩል የሚያርስ ወጣት፣ የኮምፖስት ጥቅም ለሁለትና ለሦስት ዓመት እንደሚዘልቅ አሳምሮ ያውቃል። የሚያሰንፈውም ይኸው ነው፤ ባለመሬቷ ለመጪው ክረምት ለሌላ ብትሰጠውስ? የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው የእርሷ ስም እንጂ የእሱ ላብ አይደለም።

ስለ ገበያው ብዙ አልልም። የኦርጋኒክ ግብርና አዋጅ ቁጥር 488 ከወጣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ክረምት አለፈ! የደምቢያ ጥቁር አዝሙድ ግን ኬሚካል የነካውም ያልነካውም እኛ ገበያ ላይ ዋጋው አንድ ነው። ኦርጋኒክ ተብሎ አውሮፓ ለመግባት ደግሞ እንዲህ ያለው ሰብል የሚበቅልበት ማሳ ቢያንስ 2 ዓመት የሽግግር ጊዜ፣ ማለትም የፋብሪካ ማዳበሪያና ኬሚካል ሳይነካው የሚቆይበት ጊዜ፣ ማለፍ አለበት። በእነዚያ ዓመታት ምርቱ ቢቀንስ የገበሬውን ጎተራ የሚሞላለት የለም።

ጋዜጠኛችሁ ዳግም ወደ ጎንደር ሲመጣ ከግብርና ጽሕፈት ቤት በፊት አዘዞ ጎራ ይበልና አንድ ሸክም ኩበት ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቅ። ከዚያ የኮምፖስት ጉድጓድ ለሚቆፍር ገበሬ ስንት እንደሚከፈለው ጠይቆ ሁለቱን ጎን ለጎን ያትምልን።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር