«ደህና ነን» ስትይኝ

እማዬ፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ወሬ ቀይሬያለሁ። ስለዚህ ልጻፈው። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

ያ በኮሮና ሰው ሁሉ ቤቱ የተከተተበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ እኔ ቤታቸው ውስጥ የሚመቱ ሴት ታካሚዎቼን የማገኘው በስልክ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሥራውን ስንጀምር መጀመሪያ የተነገረን «እንዴት ነሽ?» ብለን እንዳንጀምር ነው። የሚመታት ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ሊሆን ይችላላ! «ብቻሽን ነሽ? አዎ ወይም አይ በዪኝ» እንላለን። ድንገት ሰው ከገባባት «ስልክ ተሳስተዋል» ብላ እንድትዘጋ ቀድመን እንስማማለን። አንዷ ቧንቧ ከፍታ ነበር የምታናግረኝ። የውሃው ድምፅ ሲቆም እኔም ዝም እላለሁ።

ማታ ደግሞ ላንቺ እደውልና «እንዴት ናችሁ?» እላለሁ። «ደህና ነን» ትያለሽ። ስልኩ ላውድ ላይ ነበር፤ የአባዬ ሳል ይሰማኛል። ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸውን ሴቶች ስጠይቅ ውዬ፣ አንቺን አንድም ቀን «ብቻሽን ነሽ?» አላልኩሽም።

አላወቅሁም ነበር ብል ዋሸሁ። ልጅ ሆኜ የመኝታ ቤታችሁ በር ሲዘጋ ሬዲዮኑን ከፍ የማደርገው ለምን ይመስልሻል?

በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት 130 አገሮችን ጠይቆ፣ በ93 በመቶዎቹ የአእምሮ ጤና አገልግሎት መስተጓጎሉን ይፋ አድርጎ ነበር። ዱላው ከቤት አልወጣ፣ ሐኪሙ በሩን ዘጋ። ቁጥሩን ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነብላቸው ከነዚያ ሴቶች አንዷ አንቺ ልትሆኚ እንደምትችይ አልመጣልኝም። ወይም እንዳይመጣብኝ አድርጌያለሁ።

አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። እህቴ ግን አሁንም ሌሊቱን ቁጭ ብለሽ እንደምታነጊ፣ በር ሲንኳኳ እንደምትበረግጊ ነገረችኝ። «እርጅና ነው» ብለሻታል አሉ። አይመስለኝም እማዬ። ለዓመታት ዱላ ሲጠብቅ የኖረ ሰውነት፣ የሚመታው ሰው ከሄደም በኋላ መጠበቁን ቶሎ አይተውም። እብደት አይደለም፤ ይህን ቃል እንደምትፈሪው አውቃለሁ። ሕክምና አለው፤ አብዛኛው ተቀምጦ ማውራት ነው፣ በአንቺ ዕድሜ ጀምረው እንቅልፋቸው የተመለሰላቸው አሉ። እኔ ልጅሽ ስለሆንኩ ላክምሽ አልችልም፤ ሌላ ሴት ባለሙያ አገናኝሻለሁ።

አባዬን እንድታሚልኝ አይደለም። አልቅሼ ነው የቀበርኩት፣ ዛሬም እወደዋለሁ። እሱ የራሴ ጣጣ ነው።

እሁድ ከሰዓት እደውላለሁ። መጀመሪያ የምጠይቅሽ ብቻሽን መሆንሽን ነው። ሰው ካለ «ስልክ ተሳስተዋል» በዪና ዝጊው፤ ቆይቼ መልሼ እደውላለሁ።

ልጅሽ