ሳታዪ አትፈርሚ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም ደኅና ነን፤ የድሬ ሙቀት ብቻ ዘንድሮ በርትቶብናል። ወንድምሽ ከሐረር ሲመለስ የመሥሪያ ቤታችሁ የግዢ ሠራተኛ መታሰሩንና አንቺም ርክክብ ኮሚቴ ውስጥ መግባትሽን ነገረኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ዕቃውን በዓይንሽ ሳታዪ ሞዴል 19 በሚባለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ላይ አትፈርሚ።

ወንድምሽ «ሁሉም የሚያደርገውን ነው ያደረገው» ብሎ ለሰውየው አዘነለት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባልን ስላደግን በብዕር የሰረቀውን ሌባ ለማለት አፋችን ይያዛል፤ ቤት ሲሠራ ጎበዝ እንለዋለን፣ ሲታሰር ደግሞ ምቀኛ አሳሰረው እንላለን። ሕጉማ አለ፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ከመንግሥት ሠራተኛ አልፎ ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ የአክሲዮን ማኅበራትን ሠራተኞች ጭምር ይጠይቃል። ሰፈሩ ግን የራሱ ችሎት አለው።

የሲሚንቶውን ነገር ከእናትሽ በጥቂቱ ሰምተሻል፤ ሙሉውን ለእሷም አልነገርኳትም። ግምጃ ቤት ስሠራ፣ አለቃዬ «ቀሪው ነገ ይገባል» ስላለኝ፣ 180 ኩንታል ብቻ ወርዶ ሳለ 300 ገብቷል ብዬ ፈረምኩ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መጋላ ውስጥ አንድ ልጅ የሴት ቦርሳ ነጥቆ ሲሮጥ «ሌባ! ሌባ!» እያልኩ ከሕዝቡ ጋር ተከተልኩት። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ያዙት። ስደርስ አፉ ደምቶ፣ አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ፣ ቦርሳውን እንዳቀፈ ተቀምጧል፤ ውስጡ 14 ብር ነበር። ድንጋይ ሳነሳ ጣቴ ላይ የጠዋቱን የካርቦን ቀለም አየሁት። ድንጋዩን ጣልኩ፤ «ተዉት» ለማለት ግን ድምፅ አልወጣኝም። ልጁ ታሰረ። 120 ኩንታሉ ሳይገባ ቀረ፤ አለቃዬ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ሽኝት ተደረገለት፣ ለስጦታውም እኔ ራሴ አዋጥቻለሁ።

ስለዚህ ለታሰረው ሰው እዘኚለት፣ ልጆቹንም ሄደሽ ጠይቂ፤ አልሰረቀም ብለሽ ግን አትከራከሪ። ሳታዪም አትፈርሚ፤ «ነገ ይገባል» ቢሉሽ ነገ እፈርማለሁ በያቸው። የፈረምሽበትን ሰነድ ሁሉ ቁጥርና ቀኑን በደብተርሽ ያዢ፤ ቆጠራው ካላሳመነሽ ልዩነትሽን በቃለ ጉባኤው ላይ አስመዝግቢ። ቢያኮርፉሽ፣ ከሥራ ቢያስወጡሽም፣ ቤታችን ቤትሽ ነው፤ ብቻ ሳታዪ አትፈርሚ።

እናትሽ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሽሮና በርበሬ ትልክልሻለች። ሾፌሩን ሸዋ በር ጠብቂው፤ ሦስት ፌስታል ነው፣ ቆጥረሽ ተረከቢ።

አባትሽ