የትከሻ ጉዳት በእረፍት ብቻ አይድንም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

በስፖርት ዓምዶች የትከሻ ጉዳት ዜና ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚነገረን ተጫዋቹ ከስንት ሳምንት እረፍት በኋላ እንደሚመለስ ነው። በነዚያ ሳምንታት ትከሻው ላይ ምን እንደሚሠራ አይጻፍም። አሠልጣኙም ወጣቱ ስፖርተኛም ጊዜው ራሱ ያድናል ብለው ያምናሉ። እረፍት ሕመም ያስታግሳል፤ የደከመ ጡንቻንና የተጎዳ ጅማትን ግን አያጠነክርም። አራት ሳምንት ክንዱን ሳያሠራ የቆየ ጦር ወርዋሪ የሚመለሰው ከበፊቱ በደከመ ትከሻ ነው፤ ውርወራው ግን ያው ነው። ሕመሙ ቢያገረሽበት አያስገርምም።

ትከሻ እንደልብ የሚዞረው የክንድ አጥንት ክብ ጫፍ ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ክቡን ጫፍ መሃል ላይ አጽንተው የሚይዙት ሮቴተር ካፍ የሚባሉት አራት ጡንቻዎች ከነጅማቶቻቸው ናቸው። ጎድጓዳው ያለው ደግሞ ከጀርባ በኩል ባለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ላይ ነው። ክንድ እስከ 180 ዲግሪ ሲነሳ 60 ዲግሪ ያህሉ የሚገኘው ከዚህ አጥንት መዞር ነው። አጥንቱ በጊዜው ካልዞረ ጅማቶቹ ከአቅማቸው በላይ ይለፋሉ። የሚያመውን ቦታ ብቻ ማሸት ዘላቂ ውጤት የማያመጣውም ለዚህ ነው።

ጉዳቱ የመጣው በመውደቅ ወይም በግጭት ከሆነ ውልቃት፣ ስብራት ወይም የጅማት መበጠስ መኖሩን አስቀድሞ ሐኪም ይለይ። ክንድን ማንሳት አለመቻል፣ የትከሻ ቅርጽ መለወጥና በትከሻው ውጫዊ ጎን ቆዳ ላይ መደንዘዝ ለነገ አይባሉም። የወለቀን ትከሻ ሜዳ ላይ ስቦ ለመመለስ መሞከር ነርቭና የደም ሥር ሊጎዳ፣ ያልታየ ስብራትም ሊያባብስ ይችላል። ክንዱን ባለበት ደግፎ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው የሚሻለው።

ከመጠን ባለፈ ልምምድ ለመጣ የጅማት ሕመም ሥራው የሚጀመረው መገጣጠሚያው ሳይንቀሳቀስ ጡንቻውን በማሠራት ነው። ክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ ከጎን ይጠጋል፤ የእጅ ጀርባ ግድግዳን ወደ ውጭ ይገፋል። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይዞ አምስት ጊዜ መደጋገም፣ በየመሃሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ማረፍ በቂ ነው። ይህ ሲቀል በልምምድ ላስቲክ ክንድን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ማዞር ይከተላል፤ ከ12 እስከ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። በክርንና በጎን መካከል የታጠፈ ፎጣ ይያዝ። ፎጣው ከወደቀ፣ ወገብ ከዞረ ወይም ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ላስቲኩ ከብዷል፤ የአንገትና የላይኛው ትከሻ ጡንቻዎች ሥራውን ቀምተዋል ማለት ነው። ሲመለስ ላስቲኩ እንዲስብ አይተውም፤ በቀስታ ሦስት እየቆጠሩ መመለስ ነው።

ጠፍጣፋውን አጥንት ለሚያዞሩት ጡንቻዎች ፑሽአፕ ጥሩ ነው፤ መጀመሪያ በግድግዳ፣ ኋላ በወለል ላይ። ክርን ከተዘረጋ በኋላ ጀርባን ወደ ላይ ጥቂት ጨምሮ መግፋት አይረሳ፤ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚያች መጨረሻዋ ላይ ነው።

ስለ ሕመም አንድ መለኪያ ይበቃል። ከ0 እስከ 10 ባለው ልክ እስከ 3 የሚደርስ ሕመም በልምምድ ጊዜ ይፈቀዳል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ወደነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ክብደቱ ወይም ድግግሞሹ ይቀነስ፤ ሥራው ግን አይቋረጥ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ቀጣዩ ደረጃ ሲዘለል ማየት ነው። ስፖርተኛው ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ ለሳምንታት ላስቲክ ሲስብ ይቆይና በቀጥታ ወደ ውርወራ ወይም ወደ ሰርቭ (በቮሊቦልና በቴኒስ ኳስን መትቶ ጨዋታ ማስጀመር) ይገባል። ኳስ የሚመታው ክንድ ግን ከትከሻ ከፍታ በላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ያው ልምምድ ክንድ 90 ዲግሪ ወደ ጎን ተነስቶ መደገም አለበት፤ በመጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት።

የጀርባ በኩል ትከሻቸው ተኮማትሮ አልዘረጋ ላላቸው ወርዋሪዎች ክንድን በደረት ፊት አሻግሮ ለ30 ሰከንድ መሳብ ይረዳል። ትከሻው ወልቆ ለሚያውቅ ግን የፊት በኩሉን ማሳሳብ ጉዳት ነው፤ የሚያስፈልገው ማጠንከር ነው።

የስቴሮይድ መርፌ ሕመሙን ሲያደነዝዝ የደከመ ጅማት የዳነ ይመስላል፤ ሲደጋገም ደግሞ ጅማቱን ራሱን ያዳክማል። ለጨዋታ ለማድረስ ሲባል ብቻ መውጋትን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ወደ ውድድር መመለሻው በቀን መቁጠሪያ አይወሰን። እንቅስቃሴው ሙሉ መሆኑ፣ የትከሻው ጉልበት ከጤነኛው ጎን ቢያንስ 90 በመቶ መድረሱ፣ ወደ ውጭ የሚያዞረው ጉልበት ወደ ውስጥ ከሚያዞረው ሁለት ሦስተኛ ያላነሰ መሆኑ በመሣሪያ ይለካ። ከዚያም ውርወራው ቀን እየዘለለ ይጀመር። ርቀት፣ ፍጥነትና ብዛት በአንድ ጊዜ አይጨመሩም፤ አንዱ ሲጨመር ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። አሠልጣኙ የየዕለቱን ውርወራ ቆጥሮ ለቡድኑ ወጌሻ ይስጥ። የስፖርት ዘጋቢዎቻችሁም «መቼ ይመለሳል?» ብለው ሲጠይቁ «ጉልበቱ ተለክቷል ወይ?» የሚለውን ቢጨምሩበት እወዳለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የስፖርት ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ