ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ከጅማ እናየዋለን

ውድ አባላት፣ ቀኑ ሩቅ ነው፤ ግን ካሁኑ ያዙልኝ። ቅዳሜ ኅዳር 4 ቀን 2025 ዓ.ም. ፕላኔቷ ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት ታልፋለች። እኛ ጋ ከጠዋቱ 3:40 ገደማ ይጀምራል፣ እኩለ ቀን አካባቢ መሃል ይደርሳል፣ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ያልቃል። ከዳር እስከ ዳር ይታየናል ማለት ነው! በ2012 ዓ.ም. ኅዳር 1 ግን የጀመረው ከሰዓት በኋላ ስለነበር፣ እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ፀሐይ ጠለቀችብን።

እባካችሁ በባዶ ዓይን እንዳትሞክሩ። የራጅ ፊልምም ሆነ ጥቁር መነጽር ዓይን አያድንም። በግርዶሽ መነጽር ደግሞ ሜርኩሪ አትታይም፤ በጣም ትንሽ ናት። ፀሐይን 20 ሳንቲሜትር አድርጋችሁ ብትስሏት እሷ አንድ ሚሊሜትር፣ የአንዲት ጤፍ ፍሬ ያህል ብትሆን ነው። ስለዚህ የፀሐይ ማጣሪያ ከፊቱ የተገጠመለት ቴሌስኮፕ ያስፈልገናል። ምስሉን ነጭ ወረቀት ላይ መጣልም ይቻላል። ባለፈው እንደዚያ ስሞክር የሲኒ አፍ የምታህል ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ቁጭ አለች፤ በጣም ደስ ይላል። ብቻ ልጆች በመመልከቻው አጮልቀው እንዳያዩ አንድ ሰው አጠገቡ ይቁም።

ቦታውን በተመለከተ፣ ለእኔ ከጅሬን ኮረብታ የሚሻል የለም። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ሰማዩ ገላጣ ነው። ኅዳር ላይ ክረምቱ ወጥቷል፤ ቡና የሚለቀምበትና አልጋ ላይ የሚሰጣበት ጊዜ ነው።

ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ግን እስከ 2110 ዓ.ም. መጠበቅ ሊኖርብን ነው። ስለዚህ ይቺ አታምልጠን። ቴሌስኮፕ ያላችሁ ንገሩኝ።