«ነበሩ» እና «ነበረች»፦ የዊኪፔዲያ ክበባችን ዓመት

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ነው። ሁለት ተማሪዎች ስለ ኩሪ ባልና ሚስት የጻፉትን ረቂቅ በፕሮጀክተር አሳዩን። «ፒየር ኩሪ ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ» ይላል። ሁለት መስመር ወረድ ሲል ደግሞ «ባለቤታቸው ማሪም ሳይንቲስት ነበረች» ይላል። ሁላችንም አንብበን አለፍነው፤ እኔም ጭምር። ከኋላ የተቀመጠች የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እሳቸው አንቱ፣ እሷ አንቺ የሆነችው ለምንድን ነው?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ማሪ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1903 በፊዚክስ፣ በ1911 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ሁለት ጊዜ በመሸለም ከሰው ሁሉ የመጀመሪያው ናቸው። ፒየር የተሸለሙት አንዴ ነው፤ እሱንም ከማሪ ጋር። ረቂቁን የጻፉት ልጆች ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ እዚያው ገጽ ላይ አስፍረውታል። ክፋት የለባቸውም፤ እንዲያውም አንዷ ራሷ ሴት ናት። እጃቸው በለመደበት ሄደ እንጂ።

ክበባችን በዊኪፔዲያ ላይ በአማርኛ ይጽፋል። ዊኪፔዲያ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች የሚዘጋጅ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ገጽ ሲኖረው የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ማንም ሰው ገብቶ መጻፍና ማረም ይችላል። ግን «ማንም ይችላል» እና «ሁሉም ይጽፋል» ለየቅል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገ የአርታኢዎች ጥናት ሴቶቹ ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ሰው ደግሞ የሚጽፈው የሚያውቀውንና የሚወደውን ነው። ስለዚህ የጎደለው ሰው፣ የጎደለ ገጽ ሆኖ ይመጣል።

በአንቱታው ጉዳይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። አንዱ «መዝገበ ዕውቀት ነው፣ ለማንም አንቱታ አያስፈልግም» አለ። ሌላዋ «ለሁሉም ነበሩ ካልን ሴትነታቸው ይጠፋል፤ ስማቸውን የማያውቅ አንባቢ ወንድ ናቸው ብሎ ያልፋል» አለች። በመጨረሻ ለሁሉም አንቱታ እንዲሆን ተስማማን። «ሴት ሳይንቲስት» ማለትን ግን አልተቀበልነውም፤ «ወንድ ሳይንቲስት» ብሎ የሚጽፍ የለምና። እውነቱን ለመናገር የልጅቷ ክርክር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። አሁንም ያልተፈታ ጥያቄ ነው።

ተማሪዎቹን ከሁሉ በላይ ያስቆጣቸው የዶና ስትሪክላንድ ነገር ነው። ስትሪክላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ሲያሸንፉ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ገጽ አልነበራቸውም። አብረዋቸው የተሸለሙት ዤራር ሙሩ ግን ነበራቸው። ሁለቱን ያሸለማቸው በ1985 አብረው ያሳተሙት የሌዘር ሥራ ነው! ከሽልማቱ ጥቂት ወራት በፊት አንድ ሰው ስለ ስትሪክላንድ ረቂቅ አቅርቦ ነበር። ምንጮቹ በቂ አይደሉም ተብሎ ተመለሰ።

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ምንጭ ይጠቀስ የሚለው ሕግ ትክክል ነው፤ ያለ እሱ ሐሜትና ዕውቀት ይደባለቃሉ። ግን ሕጉ የሚጠይቀው ሌሎች ቀድመው ስለ ሰውየው እንዲጽፉ ነው። ጋዜጣው ዝም ካለ፣ መጽሐፉ ከዘለለ፣ መዝገቡም ይዘላል። ይህን በራሳችንም አየነው። አንድ ገጻችን ላይ የይሰረዝ ምልክት ተለጠፈ። ልጆቹ በጣም ተከፉ። ስናየው ምንጩ አንድ ብቻ ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሁለት ሌሎች ምንጮች አገላብጠው አገኙ፤ ገጹም ተረፈ። በቃል ብቻ ለሚኖር ዕውቀት ግን ምን ይደረጋል? እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ሰዎች የሚናገሩትን ቀርጾ እንደ ምንጭ ለመጥቀስ ተሞክሮ ነበር። ይህን የነገርኳቸው ቀን ደወል ተደውሎም ከክፍል የወጣ አልነበረም።

አንድ ነገር ዘግይቼ ነው ያየሁት። በየቡድኑ ኪቦርዱን የሚይዙት ወንዶቹ ነበሩ። ሴቶቹ ምንጭ ይፈልጋሉ፣ ያነባሉ፣ «እንዲህ በል» ይላሉ። አርትዖቱ የሚመዘገበው ግን በተየበው ልጅ አካውንት ነው። ስለዚህ በገጹ ታሪክ ላይ የሴቶቹ ድካም አይታይም። ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ በየ20 ደቂቃው ወንበር መቀያየር ግዴታ ሆነ። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሰዓቱን ራሳቸው ይጠብቁ ጀመር።

ዓይነ ስውር የሆነ አባላችን ደግሞ ሌላ በር ከፈተልን። ገጾቹን የሚያዳምጠው ጽሑፉን ድምፅ አውጥቶ በሚያነብ ፕሮግራም፣ በስክሪን ሪደር ነው። አንድ ቀን ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «እዚህ ጋ ሥዕል አለ ይለኛል፤ የምን ሥዕል ነው?» አለ። ለፎቶዎች የጽሑፍ መግለጫ ማስገባት እንደሚቻል የዚያን ቀን ተማርን። አሁን መግለጫዎቹን የሚፈትሸው እሱ ነው። «አንዲት ሴት» የሚል ብቻ ከጻፉ ይመልስላቸዋል። ምን ይዘዋል? ምን እየሠሩ ነው? ይላቸዋል።

በዊኪፔዲያ ላይ ገና ገጽ ያልተጻፈለት ስም በቀይ ሊንክ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረ «ሴቶች በቀይ» የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ዘመቻ አለ፤ ገጽ እየጻፈ የሴቶችን ቀይ ስሞች ወደ ሰማያዊ ይቀይራል። ያኔ በእንግሊዝኛው ከነበሩት የሕይወት ታሪኮች የሴቶቹ ድርሻ 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ አሁን ወደ 20 በመቶ ደርሷል። እኛም የራሳችንን ቀይ ዝርዝር በኮምፒውተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። ስድስቱ ሰማያዊ ሆነዋል። ማሪ ኩሪም፣ ፒየር ኩሪም በገጻችን ላይ «ነበሩ» ናቸው። የቀረው ዝርዝር ረጅም ነው። መግባት የሚፈልግ ተማሪ በአዲሱ ዓመት በመጀመሪያው ሳምንት ይምጣ፤ ከግድግዳው ላይ አንድ ቀይ ስም ይምረጥ።